ላሟ አተኮሳት፣ መዥገርም አለባት፦ ከምን ልጀምር?

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ብዙ ሰው መዥገር ሲያይ በጣቱ ነቅሎ በጥፍሩ ያፈነዳዋል። ይሄ ነገር በጣም ያስጨንቀኛል፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። አሁን ወደ ላሟ።

ትኩሳት አላት፣ ሽንቷ ቀልቷል ወይም ቡና መስሏል

ባቤዥያን ጠርጥሩ። መዥገር ደም ሲመጥ የሚያስገባው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፣ ሽንቱን የሚያቀላውም ከፈረሱት ሴሎች የወጣው ነው። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። የጤነኛ ላም ሮዝ ነው። ነጣ ካለ ደሟ በጣም አንሷል ማለት ነው፤ ሩቅ አትንዷት፣ ድካሙ ብቻውን ሊጥላት ይችላል፣ ሐኪሙ እሷ ጋ ይምጣ። መድኃኒቱ ዲሚናዚን ወይም ኢሚዶካርብ ነው። መጠኑ በክብደቷ ስለሚሰላ በግምት አትውጉ።

ትኩሳት አላት፣ ድዷ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ሽንቷ ግን አልቀላም

እዚህ ጋ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ይሄ አናፕላዝማ ሊሆን ይችላል፤ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሚታከመው በኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፣ ዲሚናዚን ምንም አያደርገውም። ጥጆች ላይ ቀለል ይላል፣ ትልልቆቹን ግን ይጥላል። የሚያዛምተው ደግሞ መዥገር ብቻ አይደለም፤ በአንድ መርፌ መንጋውን ሁሉ ከወጋችሁ እናንተው ታዛምቱታላችሁ። ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ከተቻለ ከመድኃኒቱ በፊት የደም ናሙና ይወሰድ።

ከጆሮዋ ስር አብጧል፣ መተንፈስ ከብዷታል

ታይሌሪያ ሊሆን ይችላል፤ መዥገር የሚያስገባው ሌላ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ገዳይ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ጥሩ።

የመዥገር መድኃኒት ረጨን ረጨን፣ መዥገሩ ግን አልጠፋም

ጅራቷን ቀና አድርጉና ከስሩ እዩ። ከዚያ ብሽሽቷን፣ በጡቶቿ መሃል፣ ጆሮዋ ውስጥ። ጀርባዋ ብቻ ረጥቦ ከሆነ መዥገሩ ያለበት ቦታ አልደረሳችሁም። ሌላው መድኃኒቱን ማቅጠን ነው፤ ቁጠባ ይመስላል፣ ግን ደካሞቹ ሞተው መድኃኒቱን የሚችሉት ይተርፉና እነሱ ይራባሉ። ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን ጠብቁ፣ ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይጠጣም እዚያው አንብቡ። ከሳምንት በኋላ ትንንሾች ብታዩ ከሣሩ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ደም የጠገበች አንዲት ሴት መዥገር መሬት ወድቃ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በደንብ ረጭታችሁም የወፈሩት በሕይወት እንደተጣበቁ ከቆዩ ግን መድኃኒቱን ለምደውት ሊሆን ይችላል። የሚቀየረው የንግድ ስሙ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዓይነት ነው፤ ሐኪም አማክሩ።

እናንተን ራሳችሁን አተኮሳችሁ

የጥፍሩ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰውን ሊገድል የሚችለው የክሪሚያን ኮንጎ ትኩሳት ቫይረስ በመዥገርና በከብት ደም ውስጥ ይኖራል፣ ከብቱ ግን የታመመ አይመስልም። መዥገር ስታፈነዱ ወይም ስታርዱ በተላጠ ጣት በኩል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጓንት አድርጉ። እናንተን ከነከሳችሁ በወረንጦ ቆዳችሁ ጋ አስጠግታችሁ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቦታውን በሳሙና ታጠቡ። ጋዝም ክብሪትም አያስፈልግም። የነከሰበት ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከወጣና ካተኮሳችሁ ሪኬትሲያ የሚባለው መዥገር የሚያስተላልፈው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ በዶክሲሳይክሊን ይድናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድንገት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ አትቆዩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሌላ ነገር ከመናገራችሁ በፊት «ከከብት ጋር ነው የምውለው፣ መዥገር ነካክቻለሁ» በሉ፤ የሚያክማችሁ ሰው ራሱን የሚጠብቀው ይህን ሲሰማ ነው።