ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኪሎ አልቀንስ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን ተሠርቶ ኪሎው መሀል ላይ ያልቆመበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስሊቭም (የጨጓራው አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ የሚወጣበት) ይሁን ባይፓስ (ጨጓራው አንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ የሚገናኝበት)፣ በየሳምንቱ ሲወርድ የነበረው ቁጥር አንድ ቀን ቀጥ ይላል፤ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ንቅንቅ አይልም። ሰውን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ የኪሎው መቆም ሳይሆን ተደናግጦ የሚወስደው እርምጃ ነው። ምግቡን ይቆርጣል፣ በቀን ሦስቴ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከሐኪሙ ይሸሻል።

መቆም ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ በየትኛው ጊዜ እንደቆመበት ያላየ ሰው መፍትሔውንም ይስታል።

የመጀመሪያው መቆም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቸውን ግላይኮጅን የተባለ ስኳር ያወጣል። አንድ ግራም ግላይኮጅን ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ በፍጥነት ከሄደው ኪሎ ትልቁ ድርሻ ውሃ ነው። ሰውነት ውሃውን መልሶ ሲያስተካክል፣ ስቡ እየነደደም ቢሆን ሚዛኑ ዝም ይላል። እዚህ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። የታዘዘልዎትን እየበሉና እየጠጡ ይቆዩ፤ ያልፋል።

ሁለተኛው ከወራት በኋላ የሚመጣው ነው። 120 ኪሎ የነበረ ሰው 95 ሲገባ፣ ቀን ከሌት ተሸክሞት የነበረውን አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ አውርዷል ማለት ነው። የቀለለ ሰውነት ለመራመድም፣ ለመተኛትም የሚያስፈልገው ጉልበት ያነሰ ነው። በሦስተኛው ወር ኪሎ ያስቀነሰ ምግብ በዘጠነኛው ወር ክብደትን ባለበት የሚያቆም ይሆናል። አመጋገብንና እንቅስቃሴን በጥሞና መመርመር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የሚታየው ነው። አብዛኛው ሰው ዝቅተኛ ክብደቱ ላይ የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው። በአማካይ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው የቀድሞ ክብደት ይቀንሳል። ከ120 ኪሎ ተነስቶ 86 ላይ የረጋ ሰው ኪሎው ቆመብኝ ሊል አይገባውም፤ የሕክምናው ውጤት ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የቀነሱትን መጠበቅ ነው።

ምግብን ጭራሽ መቁረጥ

«ከዚህም ብቀንስ ይወርድ ነበር» የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን አሳስቷል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲወሰድ ይመከራል። ከዚያ ሲወርድ ሰውነት ጡንቻውን ይበላል፤ ጡንቻ ሲቀንስ ደግሞ በእረፍት ጊዜ የሚቃጠለው ካሎሪም አብሮ ይቀንሳል። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ የሚታየው የፀጉር መርገፍ በአብዛኛው ኦፕራሲዮኑና ፈጣኑ ቅነሳ የሚያመጡት አላፊ ነገር ቢሆንም፣ የፕሮቲንና የብረት እጥረት ያባብሰዋል።

በእኛ ማዕድ ላይ ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በጾም ወራት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም አካባቢ ይሰጣል። 60 ግራም ከምስር ብቻ ለማግኘት ከሦስት ኩባያ በላይ መብላት ያስፈልጋል፤ በስሊቭ የጠበበ ጨጓራ ይህን አይችልም። በዚያ ላይ እንጀራው አለ። ግማሽ እንጀራ በቀጭን ሽሮ የበላ ሰው ይጠግባል፣ ያገኘው ፕሮቲን ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሽሮውን ወፈር አድርጎ መሥራት፣ ወጡን በማንኪያ አስቀድሞ መብላት፣ እንጀራውን በመጨረሻ ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ማድረግ ነገሩን ይለውጠዋል። ቶፉ ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት ለሚያገኝ ሰው፣ በተለይ ውጭ አገር ላሉ፣ ጥሩ አማራጭ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ላይ ያሉ ምእመናን ግን ለነፍስ አባታቸው ሁኔታቸውን በግልጽ ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀልላለች። ረመዷን ለሚጾሙም እንዲሁ ነው፤ በቀን 1 ሊትር ተኩል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ያለበት ሰው ያንን በሌሊት ሰዓታት ማዳረስ ስለሚከብደው፣ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ሳያጠግብ የሚያልፈውን አለመቁጠር

የጠበበ ጨጓራ ሥጋና እንቁላል ሲገባበት ቶሎ ይሞላል። ፈሳሽና በአፍ የሚሟሟ ነገር ግን ሳይይዘው ያልፋል። ስኳር የገባበት የአቮካዶ ጁስ፣ በቀን ሁለት ሦስት ማኪያቶ፣ አይስክሬም፣ በሻይ እየነከሩ የሚበሉት ብስኩት፣ ማር... ሰውየው «ምንም አልበላሁም» ሲል እውነቱን ነው፤ ሳህን ላይ ቀርቦ የበላው ትንሽ ነው። ቡና ሲፈላ የሚዘገነው ቆሎና ኦቾሎኒም ይቆጠር። 30 ግራም ኦቾሎኒ ማለትም አንድ እፍኝ ብቻ 170 ካሎሪ ያህል አለው፤ ቡናው ደግሞ እስከ በረካ ሦስት ዙር ነው።

ከምግብ ጋር መጠጣትም ምግቡን ቶሎ አጥቦ ያወርደዋል፣ ረሃብም ቶሎ ይመለሳል። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል። አልኮልን በተመለከተ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ ወደ ደም የሚገባው በፍጥነት ነው፤ አንድ ብርሌ ጠጅ ድሮ እንደነበረው አይደለም፣ የሱሰኝነት አደጋም ይጨምራል።

በየቀኑ መመዘን

ጨው የበዛበት ወጥ፣ የወር አበባ፣ የሆድ ድርቀት፣ እያንዳንዳቸው ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ሳይበሉ ይመዘኑ። በወር አንዴ ወገብዎን በሜትር ይለኩ። ኪሎው ቆሞ ወገብ መቀነሱ በጣም የተለመደ ነው።

በእግር ጉዞ ብቻ መወሰን

በእግር መሄድ ጥሩ ነው፣ ጡንቻ ለመጠበቅ ግን አይበቃም። ከባድ ነገር ማንሳት የሚፈቀደው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ የቀዶ ሐኪሙን ፈቃድ ይጠብቁ። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ውሃ የሞላ የሃይላንድ ላስቲክ ማንሳት ይበቃል። ጂም ካለም እሰየው።

ቫይታሚንን ማቆም፣ መድኃኒትን አለመመርመር

ውጭ አገር ሄደው ተሠርተው የተመለሱ ሰዎች ላይ ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ክትትል የሚያደርግላቸው የላቸውምና የያዙት ቫይታሚን ሲያልቅ በዚያው ይቀራሉ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው። ብረትና ካልሲየም አብረው አይወሰዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ሻይና ቡናም ብረት ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ደሙ የቀነሰ ሰው ይደክመዋል፣ የደከመው አይንቀሳቀስም፣ ኪሎውም እዚያው ይቆማል።

ኢንሱሊን፣ ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት)፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችና በመርፌ የሚሰጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። የታይሮይድ ችግርም ሊኖር ይችላል። በራስ ፈቃድ ግን ምንም አይቁም! በተለይ የወሊድ መቆጣጠሪያ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ ይመከራል፣ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ የሚዋጠው ክኒን ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም።

አፍሮ መደበቅ

«ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተሽ ይኸው ነው?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይህን የሰማች ሴት ቀጠሮዋን ትተዋለች፣ ከዚያም ሴማግሉታይድ የተባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ከሰው ተቀብላ በራሷ ትጀምራለች። መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላም በሐኪም ይታዘዛል፤ ያለ ክትትል ግን ቀድሞውንም ትንሽ የምትበላን ሴት የምግብ ፍላጎት ዘግቶ ለፕሮቲንና ለውሃ እጥረት ሊዳርጋት ይችላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የአንድ ሳምንት ምግብዎንና መጠጥዎን ጽፈው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ማስታወክ ከበዛ፣ ሆድ አጥብቆ ከታመመ፣ ወይም እግር ከደነዘዘና ሚዛን መጠበቅ ካቃተ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያስታወከ ሰው ቫይታሚን ቢ1 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያልቅበት ይችላል፤ እጥረቱ ነርቭን የሚጎዳ ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል።