«ጨጓራዬን ነው» ትላችኋለች፦ በጦርነቱ የተደፈረች ሴት ቤታችሁ ካለች

ደሴ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። «በጦርነቱ ጊዜ ተደፍሬ ነው» ብላ በሩን የምትከፍት ሴት በጣም ጥቂት ናት። አብዛኞቹ «ጨጓራዬን ነው» ይላሉ። ወይ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ወይ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ወይ ልቤ ድው ድው ይላል። አንዷ የጨጓራ ክኒን ስትውጥ ሁለት ዓመት ከርማለች። በመሣሪያ ታይታ «ምንም የለብሽም» ተብላለች። «እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ማታ ማታ በሩን ነው የማየው» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው አብረዋት ለሚኖሩት ነው። ለእናት፣ ለእህት፣ ለባል፣ ለጎረቤት። እኔ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ነው የማገኛት። ሌላውን ጊዜ ሁሉ እናንተ ጋ ናት።

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 2013 ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በትግራይ 63፣ በአማራ ክልል በንፋስ መውጫ ከተማ ደግሞ 16 ተጠቂዎችን አነጋግሮ ሪፖርት አውጥቷል። ሪፖርት ውስጥ ያልገቡት፣ በትግራይም በአማራም በአፋርም፣ ሆድ ይፍጀው ብለው እየኖሩ ነው። ወንዶችም አሉ። እነሱማ ጭራሽ አይናገሩም።

መጀመሪያ፣ አታስለፍልፏት። «ምን አደረጉሽ? ስንት ነበሩ?» አይባልም። «ለምን አልጮኽሽም?» ደግሞ ፈጽሞ። በዚያ ሰዓት ሰውነት ይደርቃል፣ ድምፅ አይወጣም። ይህ ፈቃድ አይደለም፣ የፍርሃት ሥራ ነው። ይህን እሷም ላታውቀው ስለምትችል ንገሯት። ከዚያ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ማውራት ስትፈልጊ አለሁ» ብላችሁ ተዉት። አንዴ ይበቃል።

የምታወራበትን ጊዜ የምትመርጠው እሷ ናት። አንዲት እናት ቤታቸው ሄጄ ምስር ስንለቅም ነው ያወሩኝ። ሰፌዱ በመካከላችን ነበር። ዓይኔን ከሰፌዱ አላነሳሁም። ጠጠሩን አንድ በአንድ ጥግ ላይ እያስቀመጡ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ ነገሩኝ። ሲጨርሱ ሰፌዱን አንስተው አንገዋለሉና «ቡና ላፍላ?» አሉኝ። አፍሉ አልኳቸው። ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ብጠይቃቸው ኖሮ አንድ ቃል አላገኝም ነበር። እናንተም እጅ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ስሙ። ከእሷ በላይ አታልቅሱ። የሰማችሁትን ለማንም አታውሩ፣ «ለእናቷ ብቻ» ተብሎም ቢሆን።

ቤቱን በተመለከተ፣ ያልጠበቀችው ነገር እንዲቀንስ አድርጉ። ከኋላ መጥታችሁ አትንኳት። ከመግባታችሁ በፊት ከደጅ ድምፅ አሰሙ። በር አታላትሙ። በሩ አጠገብ ወይም ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ መቀመጥ ከፈለገች ተዋት። ሠርግ ካለ ጥይት ሊተኮስ እንደሚችል ቀድማችሁ ንገሯት። መቅረት ከፈለገችም «ሰው ምን ይላል» አትበሏት። እኛ ጋ ደግሞ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማው የተያዘው በ2014 በዚያ ሰሞን ነው። ምንም ሳይሆኑ ቆይተው በዚያ ወር እንቅልፍ የሚያጡ፣ ቤት አልወጣም የሚሉ ሴቶችን በየዓመቱ አያለሁ። ራሳቸውም ምክንያቱን አያገናኙትም። የእሷን ወር እወቁ። ሲቃረብ ብቻዋን እንዳትሆን አድርጉ።

ሌሊት ከቃዣች አትወዝውዟት። እጃችሁን የዚያን ቀን እጅ አድርጋ ልታየው ትችላለች። ራቅ ብላችሁ መብራት አብሩ፣ በስሟ ጥሯት። «እኔ ነኝ። ቤትሽ ነሽ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።» ባዶ እግሯን መሬት ታስረግጥ። የሚታያትን አምስት ነገር ትጥራ፦ ጀበና፣ ወንበር፣ ነጠላ፣ የቀረው የቀረው። ትንፋሹን እንዲህ ነው የማስተምረው፦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከዚያ ትኩስ ቡና እንደሚያበርዱ በአፍ ረዘም አድርጎ ማውጣት። ቀን ላይ አብራችሁ ተለማመዱት። ሌሊት በድንጋጤ ውስጥ አዲስ ነገር አይያዝም።

ለባል አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ፣ ከመንካትህ በፊት ጠይቃት። እምቢ ካለች እምቢታው የመጣው አንተን ከመጥላት አይደለም። ሰውነቷ እሷን ሳያስፈቅድ ብርግግ ይላል። ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ዓመትም። ከጎኗ ተቀምጠህ ራት መብላትህ ራሱ ሕክምና ነው።

ከዚያ ጥቃት የተወለደ ልጅ ካለ፣ ግቢ ውስጥ ማንም «የእነሱ ልጅ» እንዳይል አድርጉ። አያት ቢሆኑም፣ ጎረቤት ቢሆንም። እናቲቱ አንዳንድ ቀን ልጁን ማቀፍ ቢያቅታት ክፉ እናት ናት ማለት አይደለም። ተቀብላችሁ እቀፉት፣ እሷ ትተኛ።

ወደ ሐኪም ስትወስዷት ደብዳቤ ወይም ማስረጃ የግድ አያስፈልግም። በትልልቅ ሆስፒታሎች ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ማለትም ለተጠቂዎች ሕክምናውም ምክሩም የሕግ ድጋፉም በአንድ ቦታ የሚሰጥበት፣ ጥቃቱ ትናንት ለደረሰባት ብቻ አይደለም። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት የኤች አይ ቪ መከላከያ አልፏል፣ እውነት ነው። ግን የኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ዛሬም ይሠራል። ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ፊስቱላ፣ ማለትም በብልትና በፊኛ መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። በሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታሎች በነፃ ይታከማል፣ ባሕር ዳርና መቀሌም አሉ። ሽታውን ፈርታ ከሰው የራቀችን ሴት «ጭንቀት ነው» ብሎ መመለስ ግፍ ነው። አንዲት ልጅ ሦስት ቦታ እንደዚያ ተብላ ተመልሳለች፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለድብርትና ለጭንቀት ክኒን ከታዘዘላት፣ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ሊሆን ይችላል፣ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ አለው። ብዙዎች እዚያ ላይ ነው የሚያቆሙት። ተሻለኝ ብላም በድንገት አታቁም፣ ከተሻላት በኋላም ለወራት ይቀጥላል። ለእንቅልፍ ብላችሁ ዳያዜፓም ከፋርማሲ አትግዙላት። ሱስ ያስይዛል፣ ሕመሙንም አያክመውም።

ጸበል መሄድ ከፈለገች ትሂድ። ሼኹ ጋ ዱዓ ማስደረግም ያው ነው። ወሎ ነን፣ ሁለቱንም እናውቃለን። ግን ክኒኑን ይዛ ትሂድ። ቀድማችሁ አባን አነጋግሩ፣ መድኃኒቱን አብራ እንድትወስድ እንዲያበረታቷት ለምኗቸው። ንስሐ ግቢ የሚላት ካለ ደግሞ አስቁሙት። የተበደለችው እሷ ናት።

ክኒን ብቻውን ግን አይበቃም። ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በቡድን እየተሰባሰቡ፣ ሐኪም ባልሆኑ ሠልጥነው በሚመሯቸው የአካባቢው ሠራተኞች ታግዘው፣ ጭንቀታቸውና የሚመላለስባቸው ሥቃይ በጣም እንደቀነሰ በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው። ስፔሻሊስት እስኪመጣ መቀመጥ የለብንም። አካባቢያችሁ የሴቶች የምክር ቡድን ካለ አፈላልጉላት፣ የመጀመሪያውን ቀን አብራችኋት ሂዱ፣ ደጅ ጠብቋት።

አሁን የምለውን ዛሬውኑ አድርጉት። ለእህል ነቀዝ የሚገባው ክኒን ቤት ውስጥ ካለ አውጡት። ሌላ ቤት አስቀምጡት ወይም ቆልፋችሁ ቁልፉን ያዙ። አንድ ፍሬ ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝም እንዲሁ አውጡት ወይም ቆልፉበት። ሴቲቱ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለች፣ ልብሷን ለሰው ማደል ከጀመረች፣ በቀጥታ ጠይቋት፦ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ።

አብራችኋት የማትኖሩ ዘመዶች፣ አዲስ አበባም ሆነ ጂዳ ያላችሁ፣ ቀን ቁረጡላት። ሐሙስ ከሆነ ሁልጊዜ ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት ደውሉ። ስለ ዝናቡ አውሩ፣ ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። ለቀጠሮዋ የትራንስፖርት ብር ላኩ፣ ብዙዎቹ የሚቀሩብኝ በዚያ ነው። ስልኩን ካላነሳች አትቆጧት፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ደግማችሁ ደውሉ።