በኡቡንቱና በዴቢያን የፓይተን ፓኬጅ አጫጫን፦ ችግርና መፍትሄ

ትእዛዞቹ እዚህ በግዕዝ ፊደል ቢቀመጡም ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ችግር፦ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮመንት» ብሎ አልጭንም ይላል።
ከዴቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ወዲህ የሲስተሙ ፓይተን ለፒፕ ዝግ ነው። በዚያው ፓይተን የሚሠሩ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ አፕት (የሲስተሙ የራሱ ፓኬጅ መጫኛ) ያስቀመጠላቸውን ፓኬጅ ሌላ ስሪት ከሸፈነባቸው መሥራት ያቆማሉ። መልእክቱ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚል ማለፊያ ይጠቁማል፤ ለመጫን አይጠቀሙበት። መፍትሄው ቬንቭ፣ ማለትም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ፎልደር ነው፦ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ገብተው «ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ .ቬንቭ»፣ ቀጥሎ «ሶርስ .ቬንቭ/ቢን/አክቲቬት» ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚጫነው ሁሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ይቀራል፤ ሱዶም (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃው) አያስፈልግም። ቬንቭ አልፈጠር ካለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፓይተን3-ቬንቭ» ይቀድማል። ከፕሮጀክት ጋር ለማይያያዝ የተርሚናል መሣሪያ ፒፕኤክስ ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቬንቭ ይፈጥርለታል።

ችግር፦ በ«ሱዶ ፒፕ» ከተጫነ በኋላ የሲስተሙ ፕሮግራሞች ተበላሹ።
ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከሶርስ (ከምንጭ ኮዱ) የሚጫን ፓኬጅ በሚጫንበት ጊዜ የራሱን ኮድ ያስኬዳል፤ በሱዶ ከሆነ ኮዱ የሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን አለው። ስሙን ሲጽፉ አንድ ፊደል ስተው አስመሳይ ፓኬጅ ቢገባ ኮምፒውተሩ በሙሉ በሌላ ሰው እጅ ወደቀ ማለት ነው። አስመሳይ ባይሆንም እንኳ «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ሥር ባለው የፓይተን ፎልደር፣ «ዲስት-ፓኬጅስ» ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህ ፎልደር ከአፕቱ ቀድሞ ይነበባል። የአፕቱ ግን «/ዩኤስአር/ሊብ/ፓይተን3» ውስጥ ሳይነካ ስላለ ማዳን ይቻላል። የመጀመሪያውን ፎልደር በ«ኤልኤስ» ዘርዝረው እዚያ ያሉትን ብቻ አንድ በአንድ በ«ሱዶ ፒፕ አንኢንስቶል» ያውጡ። አዲሶቹ ስሪቶች ማውጣትንም ስለሚከለክሉ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለው ማለፊያ የሚፈቀደው ለዚህ ነው።

ሱዶ የካሽ ፎልደሩንም (ፒፕ ያወረዳቸውን ፋይሎች የሚያቆይበትን) በሩት ስም አስቀርቶት ከሆነ ፒፕ ካሹን መዝጋቱን ያስጠነቅቃል። ፎልደሩን ወደ ስምዎ የሚመልሰው ትእዛዝ ይህ ነው፦ «ሱዶ ቻውን -አር የተጠቃሚ-ስምዎ ~/.ካሽ/ፒፕ»፤ አር ትልቁ ነው።

ችግር፦ ፕሮግራሙ በእርስዎ አካውንት ብቻ ይሰናከላል።
በ«ዩዘር» አማራጭ የተጫነ ፓኬጅ «~/.ሎካል» ውስጥ ገብቶ የሲስተሙን ሸፍኗል። ፕሮግራሙን በ«ፓይተን3 -ኤስ»፣ በትንሹ ኤስ፣ ያስነሱት፤ ከሠራ ጥፋቱ እዚያ ነው፣ ያንን ፓኬጅ ያውጡ።

ችግር፦ ተጭኗል፣ ፓይተን ግን አላገኘውም።
ፒፑ የሌላ ፓይተን ነው። ሁልጊዜ «ፓይተን3 -ኤም ፒፕ» ብለው ይጥሩት። የጠፋው ትእዛዙ ራሱ ከሆነ «~/.ሎካል/ቢን» ፓዝ (ተርሚናሉ ትእዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ የለም። ፎልደሩ አሁን ገና የተፈጠረ ከሆነ ወጥተው እንደገና መግባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ችግር፦ ፎልደሩ ከተዛወረ ወይም ሲስተሙ ከተሻሻለ በኋላ ቬንቩ ሞተ።
ቬንቭ የፓይተኑንና የራሱን አድራሻ በውስጡ ጽፎ ስለሚይዝ ቦታ አይቀይርም። አይጠግኑት፤ አጥፍተው እንደ አዲስ ይፍጠሩት። ለዚህም ቬንቩ ገና እየሠራ ሳለ የ«ፒፕ ፍሪዝ»ን ዝርዝር (የተጫኑትን ፓኬጆችና ስሪቶቻቸውን) ከቬንቩ ውጭ በፋይል ያስቀምጡ።