የሕፃን መቀመጫ ሲቀላ፦ ከደብረ ማርቆስ ክረምት የተማርኩት

ልጄ የተወለደችው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የደብረ ማርቆስን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ጠዋት ያጠብኩት የሽንት ጨርቅ በማግስቱም አይደርቅም። ሳሎኑን በገመድ ወጥረን ጨርቅ በጨርቅ አድርገነው ነበር። ዳይፐር የምንገዛው ለሌሊት ብቻ ነው፤ ዋጋው አይቀመስም።

2 ወር ሊሞላት ሲል አንድ ቀን ጠዋት ስቀይርላት መቀመጫዋ በርበሬ መስሏል። ጨርቁ የሚነካው ቦታ ሁሉ ቀልቷል፤ ቂጧም፣ የታፋዋ ዙሪያም። ብሽሽቷ እጥፋት ውስጥ ግን ቆዳዋ ደህና ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ በኋላ ግን ይህ ትልቅ ምልክት መሆኑን ነገሩኝ። ውሃ ሲነካት ስትጮህ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። «ትንሽ ነው የቀረው» እያልኩ በደንብ ያልደረቀ ጨርቅ አስርላት ነበር። ልብሷ እንዳይርስ ደግሞ ከላይ ፌስታል አደርግበታለሁ። ፌስታሉ ልብሷን አዳነ፤ ሽንቱን ግን ቆዳዋ ላይ አፍኖ አዋለው።

ቀኑን ሙሉ ልብስ ስናጥብ የጣታችን ቆዳ ምን እንደሚሆን አስቡት። የሕፃን ቆዳ ከዚያ የባሰ ስስ ነው። እርጥበት ላይ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ጨርቁ ሲፈገፍገው ይላጣል። ካካ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ካካ ውስጥ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሽንት የቆዳውን ተፈጥሯዊ አሲድነት ሲቀንሰው እነሱ ይበረታሉ፤ ቆዳውንም ያቆስላሉ። ለዚህ ነው ልጅ ሲያስቀምጠው መቀመጫው ቶሎ የሚቀላው።

እንግዲህ ከመቀየር ጀምሩ። ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀይሩ፤ ካካ ካለ ግን ወዲያውኑ። ሌሊት ለጡት ስትነሱ ዳሰስ አድርጉ። አቅም ካለ ቁስሉ እስኪሽር ለጥቂት ቀን ዳይፐር መጠቀም ይሻላል፤ እርጥበቱን ከቆዳው ስለሚመጥ ነው። ስታስሩት ላላ አድርጉት። ፌስታሉን እርሱት።

ስታጥቡ ለብ ያለ ውሃና ስስ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጥጥ ይበቃል። በየቅያሪው ሳሙና አያስፈልግም፤ ሽታ ያለው ዋይፕስማ የተላጠ ቆዳ ያቃጥላል። ሴት ልጅን ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ። ስታደርቁ አትፈግፍጉ፤ ጨርቁን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አድርጉ።

ቀጥሎ ያለውን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። ከቢቸና ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ልጅቷን ተቀበሉኝና ታጥፎ በተነጠፈ ጋቢ ላይ፣ ጭናቸው ላይ በሆዷ አስተኟት። ከወገቧ በላይ ጠቅልለው ታችዋን ራቁቷን ተዉት።

«እማዬ፣ ብርድ ይመታታል» አልኳቸው።

«ላይዋን ሸፍኛታለሁ እኮ ልጄ። ታችዋ ይተንፍስ።»

15 ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየች። ሽንቷንም ጋቢው ላይ ለቀቀችው፤ እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አደረግን። እኔ ካደረግኩት ሁሉ ይህን የሚያህል የጠቀማት ያለ አይመስለኝም። ፀሐይ ባለበት አገር ደግሞ የጠዋቷ ሙቀት ትበቃለች። ግን አደራ፣ ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አማቴ ለጋ ቅቤ ሊቀቧት ፈልገው ነበር። ሕፃን በቅቤ ማሸት ልማዳችን ነው፤ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። የተላጠ ቆዳ ላይ ግን እቤት የተናጠ ቅቤ ጀርም ሊያስገባ ይችላል። ይህን ሳስረዳቸው ቫዝሊን ይሁን አሉ። ቫዝሊን ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት ከፋርማሲ ይገኛል። ቆዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። ሥራው ሽንትና ካካ ቆዳውን እንዳይነካ መጋረድ ነው። በቀጣዩ ቅያሪ ላይ የቆሸሸውን ብቻ አንሱ፤ ቅባቱን ሙልጭ አድርጋችሁ ለማስለቀቅ አትፈትጉ።

የሕፃናት ፓውደር ይቅርባችሁ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጎረቤት «ለእኔ ልጅ ሠርቷል» ብላ የምትሰጣችሁን ትዩብም ሐኪም ሳታማክሩ አትቀቡ። ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቅላት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ሊኖርበት ይችላል። ዳይፐር ሥር ሲታፈን ቆዳውን ያሳሳል፤ ወደ ደምም ይገባል።

የሽንት ጨርቁን በተመለከተ፣ አረፋው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የቀረ ኦሞ ወይም በረኪና ራሱ ያቃጥላል። ክረምት ላይ መብራት ሲኖር በካውያ ማድረቅ ይቻላል። ከማሰራችሁ በፊት ጨርቁን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

የልጄ መቅላት በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ወር ሳይሞላ ግን ሌላ መጣ። አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ወስዳ ነበር። በዚህኛው ብሽሽቷ እጥፋት ውስጥ ደም መስሎ ቀልቷል፤ ከዳሩ ወጣ ብለው ደግሞ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። ቫዝሊንም ዚንክም አልነካውም። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ አፏን ከፍታ አየች፤ ምላሷ ላይ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር ነበር። ፈንገስ ነው አለችኝ። የኒስታቲን ቅባትና የአፍ ጠብታ ታዘዘላት። እጥፋቱ ደህና ሆኖ ጨርቅ የሚነካው ብቻ ከቀላ እርጥበቱ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ከባሰ ግን ፈንገስ ጠርጥሩ።

በ3 ቀን ካልተሻለው፣ ውሃ ወይም መግል ከቋጠረ፣ ከደማ፣ ካተኮሰው፣ ወይም ጡት እንቢ ካለ ቤት አታቆዩት። ገና ወር ያልሞላው ልጅ መግል የያዘ ሽፍታ ካወጣ ያንኑ ቀን ውሰዱት። ስትሄዱ እስከዚያ የቀባችሁትን ሁሉ፣ ትዩቡንም ብልቃጡንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ቅቤም ቀብታችሁ ከሆነ ንገሯቸው።