የሰፈር ማስተር ፕላን ሲነደፍ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ሥዕሉን የሳይቱ ወሰን ላይ ማቆም ነው። ከመስመሩ ውስጥ እያንዳንዱ ዛፍና ፓርኪንግ ተሥሏል፤ ከመስመሩ ውጪ ነጭ ወረቀት ነው። ጎርፍ ግን ወሰን አያውቅም። ከላይ ካለው ተዳፋት ተነስቶ፣ ሰፈሩን አቋርጦ፣ ታች ያሉት ሰዎች ቤት ይገባል። ስለዚህ መንገድና ብሎክ ከመሣሉ በፊት ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ የሚያሳይ የተፋሰስ ካርታ ይዘጋጅ። ኮንቱር (የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩ የካርታ መስመሮች) ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ዝናብ ሲጥል ሳይቱ ላይ ተገኝቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጅረትን ቱቦ ውስጥ መቅበር ነው። ቦታ የተገኘ ይመስላል። ቱቦ ግን ልክ አለው፤ ውሃው ከዚያ ካለፈ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል። የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሶል ቾንግጌቾን የተባለውን ጅረቷን በኮንክሪት ሸፍና ከላዩ የመኪና ድልድይ መንገድ ሠርታበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ማፍረስ ጀመረች፤ በ2005 ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውሃ ዳር መናፈሻ ተከፈተ። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ዛሬ እዚያ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነው። አንዴ የተቆረጠን ጅረት መመለስ ይህን ያህል ይከብዳል። ከመነሻው ዳርቻውን ክፍት መተውና ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ መስጠት በብዙ ይረክሳል።

ነፋስም አይረሳ። ሽቱትጋርት ሸለቆ ውስጥ ያለች የጀርመን ከተማ ናት። ማታ ከኮረብቶቹ ቀዝቃዛ አየር የሚወርድባቸውን መስመሮች ሕንፃ እንዳይዘጋቸው በፕላን ትጠብቃለች። ተዳፋቱን በአግድም የሚዘጋ ረጅም ሕንፃ የታችኛውን ሰፈር አየር ያሳጣዋል።

ቤቶቹ ለወንዙ ወይም ለጫካው ጀርባቸውን ሲሰጡ ሳይ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። በር የለም፣ መስኮት የለም፣ ግንብ ብቻ። ማንም የማያየው ቦታ ወዲያው የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። በግንቡ ፋንታ የእግር መንገድ ይዘርጋ፤ የፊት በሮችም ወደዚያ ይዙሩ። ሰው በእግሩ ያወጣውን አቋራጭም አትዝጉ።

ነባር ዛፎችስ? ፕላኑ ላይ «ይቆያል» ተብሎ ይከበብባቸዋል። ግንባታው ሲጀመር ግን ሥሮቻቸው ላይ አፈር ይደፋል፤ ሎደር ይመላለስበታል። አፈሩ ሲጠቀጠቅ ሥሩ አየር ያጣል፤ ዛፉም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ቢያንስ ቅርንጫፉ የሚያጠላው መሬት በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን ይታጠር፤ አጥሩም እዚያው ፕላኑ ላይ ይሣል።