የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን መግቢያ ገጽን በራሳችሁ መልክ እንዴት ትሰራላችሁ

ጅማ ውስጥ ለአንድ የቡና ገበሬዎች ማህበር የመረከቢያ መዝገብ ስሰራ፣ ከእሸቱና ከጀንፈሉ ሒሳብ ይልቅ ጊዜዬን የበላው የመግቢያ ገጹ ነው። የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን የሚያስኬደው ሰርቨር ቶምካት መግባትን ራሱ ይቆጣጠራል፤ መልኩን ግን ለእናንተ ይተወዋል። ስለዚህ ሁሉንም ከዜሮ አትጻፉ።

መጀመሪያ ዌብ ዶት ኤክስኤምኤል (የአፕሊኬሽኑ የቅንብር ፋይል) ላይ ሳይገቡ እንዳይታይ የሚዘጋውን ለዩ። ሙሉ ሳይቱን ከዘጋችሁ ሲኤስኤሱ (መልኩን የሚሰጠው ፋይል) እና ሎጎውም አብረው ይዘጉና ገጹ ራቁቱን ይወጣል። እኔ የሰራተኞቹን ገጾች አንድ ፎልደር ስር አድርጌ እሱን ብቻ ዘጋሁ። እዚያው ኤችቲቲፒኤስ ግዴታ አድርጉት፣ አለዚያ የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው።

ቀጥሎ እዚያው ፋይል ላይ ሎግኢን ኮንፊግ በሚለው ክፍል ውስጥ ዘዴውን ፎርም በሉና ሁለት ገጽ ስጡት፦ የመግቢያና የስህተት።

አሁን ፎርሙ። የማይነኩ ሦስት ስሞች አሉ። ኮዱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ፣ ሲነበቡ እንዲህ ናቸው፦ አክሽኑ ጄ አንደርስኮር ሴኩሪቲ አንደርስኮር ቼክ፣ የስሙ ሳጥን ጄ አንደርስኮር ዩዘርኔም፣ የይለፍ ቃሉ ጄ አንደርስኮር ፓስዎርድ። ሜተዱ ፖስት ይሁን። ሌላው በሙሉ የእናንተ ነው፤ እኔ ጽሑፉን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አደረግኩት፣ ምክንያቱም ሚዛን ላይ የሚቆሙት ልጆች ሁለቱንም ነው የሚያወሩት።

የስህተት ገጹ ላይ ስሙ ይሁን የይለፍ ቃሉ የተሳሳተው አትናገሩ፤ ለሌባ ግማሹን መንገድ መጥረግ ነው። የጻፈውን ስም ግን መልሳችሁ አሳዩት፣ ደግሞ እንዳይጽፍ። ስታሳዩ በሲ አውት ታግ (ጽሑፉን ኮድ ሆኖ እንዳይሠራ አድርጎ የሚያወጣ የጄኤስፒ ገጽ ታግ) አውጡት፤ እንዲያው ከለጠፋችሁት ሰው ስክሪፕት ሊያስገባበት ይችላል።

እኔን ሁለት ቀን ያስለፋኝ ሌላ ነው። ሰራተኞቹ ስማቸውን በፊደላችን ነበር የሚጽፉት፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሲስተሙ እምቢ ይላል። ጽሑፉን ዩቲኤፍ 8 (ፊደላችንንም የሚይዝ የጽሑፍ ኢንኮዲንግ) የሚያደርግ ፊልተር፣ ማለትም ጥያቄው ገጹ ጋ ሳይደርስ የሚያልፍበት ኮድ፣ ጨመርኩ፣ ምንም! ለካ ቶምካት የመግቢያውን ጥያቄ የሚይዘው ፊልተር ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። የኛው ቶምካት 9 ነበር። መፍትሔው ሜታ ኢንፍ ፎልደር ውስጥ ኮንቴክስት ዶት ኤክስኤምኤል ላይ የፎርም ኦተንቲኬተር ቫልቭ (የፎርም መግቢያውን የሚያስተናግደው የቶምካት ክፍል) መጨመርና ካራክተር ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 ማድረግ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው በገዛ ፊደሉ ስሙን ጽፎ መግባት ካልቻለ ገጹ ቢያምርም አልተሰራም።

እዚያው ቫልቭ ላይ ላንዲንግ ፔጅ (የሚመለስበት ገጽ ለሌለው ሰው የሚከፈተው ገጽ) የሚባል አለ፣ ሙሉት። ቶምካት ሰውዬው መጀመሪያ የጠየቀውን ገጽ አስታውሶ ነው ከገባ በኋላ ወደዚያ የሚመልሰው። መግቢያ ገጹን ቡክማርክ አድርጎ በቀጥታ የመጣ ሰው ግን የጠየቀው ገጽ ስለሌለ ስህተት 400 ይጠብቀዋል።

ይሄ ሁሉ ካልበቃችሁ፣ ለምሳሌ ከመግባቱ በፊት የመረከቢያ ጣቢያውን እንዲመርጥ ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ ሰርቭሌት 3.0 ጀምሮ (ሰርቭሌት ማለት የዌብ ጥያቄ የሚቀበል የጃቫ ኮድ ነው) ሪኩዌስቱ ላይ ሎግኢን የሚባል ሜተድ አለ። ከራሳችሁ ሰርቭሌት ጥሩት። ያኔ ግን ሰውዬውን ወደ ገጹ መመለስም የእናንተ ሥራ ይሆናል፣ እንደገባም ቼንጅ ሴሽን አይዲ የሚለውን፣ የሴሽኑን መለያ የሚቀይረውን ሜተድ፣ መጥራት አትርሱ።