የበልግ ጓሮ አትክልት ችግርና መፍትሄ፦ ችግኙ በቅሎ ለምን ይወድቃል? (ለደሴና ኮምቦልቻ)

መጋቢት ሲገባ የሚላክልኝ ፎቶ ሁሉ አንድ አይነት ነው፣ ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ የጎመን ወይ የቲማቲም ችግኝ ዛሬ መደቡ ላይ ተኝቶ። ከስሩም "መድሃኒቱ ምንድነው?" የሚል ጥያቄ። ብዙ ጊዜ መልሱ መድሃኒት አይደለም፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው። ፀሐይ ያለበት ቦታ መምረጥ፣ ድንጋይ መልቀም፣ ዶሮ እንዳይገባ ማጠር ምናምን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ ግን ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ቀንሷል፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በሙቀት ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ስለዚ ኮምቦልቻ ያለች እህታችሁ የካቲት ላይ ቲማቲም ዘራሁ ስላለቻችሁ ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ቁጭ ብላችሁ በዛው ቀን አትዝሩ፣ ደሴ ሌሊቱ ገና ይቀዘቅዛል፣ ዘሩ ቀዝቃዛ እርጥብ አፈር ውስጥ በቆየ ቁጥር ደግሞ የመበስበስ እድሉ ይጨምራል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ደሴን ይወዷታል፣ ከነሱ ጀምሩ።

*ዘሩ ጭራሽ አልወጣም*

ወይ ዘሩ አርጅቷል፣ ወይ ጠልቆ ተቀብሯል፣ ወይ አፈሩ ከላይ ደርቆ ቅርፊት ሰርቷል። ዘሩን ለማወቅ 10 ፍሬ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ውስጥ ከግማሽ በታች ከበቀለ ጣሉት። የሽንኩርት ዘር በተለይ ቶሎ ነው የሚሞተው፣ ያምናው ላይ አትተማመኑ። ገበያ ላይ ከተከፈተ ጣሳ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲበላው የዋለ ዘር ደግሞ እባካችሁ ተዉት፣ ርካሽ ነው ትላላችሁ ግን የምታጡት ብሩን ሳይሆን ወቅቱን ነው፣ በልግ እንደሆነ ቆሞ አይጠብቅም። ጥልቀቱ የዘሩን ውፍረት ሁለት ሶስት እጥፍ ነው፣ ጎመንና ሰላጣ ከላይ እፍ ብሎ የሚበተን አፈር ይበቃቸዋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሰላጣ አፈሩ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ አልበቅልም ብሎ ይተኛል፣ ጥላ አድርጉለት።

*ወጥቶ፣ አምሮ፣ ከዛ ወደቀ*

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ አንገቱን እዩት፣ አፈሩን የሚነካበትን ቦታ ማለቴ ነው። ከሁለት አንዱን ታያላችሁ።

በመቀስ እንደተቆረጠ ከሆነና ቅጠሉ ጎኑ ጤነኛ ሆኖ ከወደቀ ቆራጭ ትል ነው። ማታ ወጥቶ ይቆርጣል ቀን አፈር ውስጥ ይደበቃል። ጠዋት በማለዳ የተቆረጠው ችግኝ ስር በጣታችሁ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ፈለግ አድርጉ፣ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ወፍራም ትል ታገኛላችሁ፣ ግደሉት። አንዱ ብቻውን በየሌሊቱ ብዙ ችግኝ ይጨርሳል ስለዚ ሳታገኙት አትነሱ። ለሚተርፈው ሃይላንድ በቀለበት በቀለበት ቆርጣችሁ (8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት) ችግኙን አስገብታችሁ ሁለት ሶስት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር ስትጫኑት ትሉ አያልፍም። ለሚቀጥለው ደግሞ አረሙን ነቅላችሁ አፈሩን ከመዝራታችሁ ሁለት ሶስት ሳምንት በፊት ገልብጡት፣ አረም የሌለው ቦታ ትሉ የሚበላው አያገኝም ወፍም ይለቅመዋል።

አንገቱ ቀጥኖ፣ ውሃ የነካው ወረቀት መስሎ፣ ቡናማ ሆኖ ታጥፎ ከወደቀ ግን ትል አይደለም። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያ ምናምን የሚባሉ በሽታዎች ናቸው። ከአንድ ቦታ ይጀምርና በክብ በክብ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጠዋት ሳህን የምታክል ባዶ ቦታ ከነበረች በማግስቱ ትሪ ታክላለች። እነዚህ ነገሮች በየትኛውም አፈር ውስጥ አሉ፣ ማጥፋት አትችሉም። ጉልበት የሚያገኙት ግን እናንተ ስትሰጧቸው ነው፣ የምንሰጣቸው ደግሞ ሁሌ እነዚሁኑ ነው፣ ውሃ፣ መጨናነቅ፣ ያልተብላላ ፍግ፣ የታፈነ አየር።

ውሃውን ላስቀድም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ውሃ በመጣ ቀን ያለውን ሁሉ መደቡ ላይ ይገለብጣል፣ ነገ አይመጣም ብሎ። ሮቢት በኩል አንዲት እናት ችግኛቸው በየጊዜው ሲያልቅባቸው ጠርተውኝ ሄድኩ፣ መደቡን በጣቴ ስጫነው ውሃ ይተፋል፣ ከላይ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። "እማማ ይሄን መቼ ነው ያጠጡት?" ስላቸው "ማታ ነዋ፣ ውሃው ማታ አይደል የሚመጣው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ማታ የጠጣ መደብ በደሴ ሌሊት እስከ ጠዋቱ ሶስት ሰዓት እርጥብ ሆኖ ነው የሚያድረው፣ በሽታው የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ያደረግነው ነገር ቢኖር ውሃውን ማታ በርሜል ውስጥ መቅዳትና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ በጣሳ ብቻ ማጠጣት ነው። ድጋሚ የዘሩት ቆመ። መድሃኒት አልገዙም።

መቼ ይጠጣ ለሚለው በቀን ሁለቴ ምናምን የሚል ህግ የለም። ጣታችሁን አስገቡ፣ ላዩ ደርቆ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እርጥበት ካለ ተዉት። የበልግ ደመና ባለበት ቀን ጭራሽ አያስፈልግም። ዝናብ እየዘነበ ማጠጫ ይዞ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ።

ፍግ ሁለተኛው ነው። ትኩስ እበት፣ ከሱ የባሰ ደግሞ የዶሮ ፍግ፣ ችግኝ መደብ ላይ መጨመር ችግኝን መግደል ነው። አንዱ ወንድማችን ሪዶሚል የሚባለውን የፀረ ፈንገስ መድሃኒት ደጋግሞ ረጭቶ አልሆን ሲለው ደወለልኝ፣ ሄጄ መደቡን ስቆፍር አሞኒያው አይን ያቃጥላል፣ ከዶሮ ቤት በቀጥታ አምጥቶ ነው የቀላቀለው። ሪዶሚል ፒቲየምን ያዳክማል እንጂ ራይዞክቶኒያ ላይ ብዙም አይሰራም፣ የተቃጠለ ሥር ላይ ደግሞ ምንም አይሰራም። ፍግ ከመጠቀማችሁ በፊት ክምሩ ውስጥ እጃችሁን አስገቡ፣ ከሞቀ ገና ነው፣ ከሸተተ ገና ነው፣ ገለባው ከታየ ገና ነው። እየተገላበጠ ሶስት አራት ወር ቆይቶ የጫካ አፈር ሽታ ሲሸት ያኔ ደርሷል። "የተብላላ ነው" ብሎ በማዳበሪያ ከረጢት የሚሸጥላችሁን ሰው ከረጢቱን ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ከላዩ ጥቁር ኮምፖስት ከስሩ ጥሬ እበት የሆነ ከረጢት በአይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያናድደው።

መጨናነቅ። አንድ እሽግ ዘር አንድ ክንድ መሬት ላይ በትኖ እንደ ጤፍ ጥቅጥቅ ብሎ ሲወጣ ደስ ይላል፣ ሳምንት ነው ደስታው። በመስመር ዝሩ፣ በመስመሮቹ መሃል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ተዉ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሳታዝኑ አሳሱት።

መታፈን። ኮምቦልቻ ኤርፖርት በኩል ሁለት ወጣቶች በጣም የሚያምር መደብ ሰርተው ከወፍ ለመጠበቅ ላስቲክ አልብሰው ዙሪያውን በድንጋይ ጥርቅም አድርገውታል፣ ላስቲኩን ስገልጠው ውስጡ ጤዛ ይንጠባጠባል፣ ችግኙ ግማሹ ተኝቷል። ላስቲክ ከፈለጋችሁ ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ለወፍ ከሆነ መረብ ይበቃል። ሌላው የሳር ጉዝጓዝ ነው፣ ዘር ሲዘራ መሸፈኑ ጥሩ ነው ግን የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ያለ ቀን ሳሩ መነሳት አለበት፣ ሁለት ቀን ካሳለፋችሁት ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ነጭ ሆኖ ይረዝማል፣ እሱ በሽታ ባይነካውም ራሱን ችሎ አይቆምም። ከዛ በኋላ ጥላው ከፍ ባለ ዳስ ይሁን።

መደቡ አሁን እየሞተ ላለባችሁ፦ ዛሬውኑ ውሃ አቁሙ። የወደቀውን ከነአፈሩ፣ ጤነኛ ከሚመስለው ጫፍ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ዝቃችሁ አውጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት! ሽፋኑን ግለጡ፣ የቀረውን አሳሱ፣ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ስስ አድርጋችሁ በትኑበት። ሁለት ሶስት እውነተኛ ቅጠል (መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣውን) ያወጣው ግንዱ ስለሚጠነክር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከታመመ መደብ የተረፈውን ለጎረቤት አትስጡ፣ በሽታውንም አብራችሁ ነው የምትሰጡት።

ድጋሚ ስትዘሩ ሌላ ቦታ። መደቡን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ሶስት እጅ አፈር ሁለት እጅ የተብላላ ኮምፖስት አንድ እጅ አሸዋ፣ አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨምሩ። ከህንፃ ስራ የተረፈ ሲሚንቶ የነካው አሸዋ ግን አይሆንም። ትንሽ መደብ ከሆነ የፈላ ውሃ በደንብ አጠጡትና ቀዝቅዞ ጠፈፍ ሲል ዝሩ፣ ላይኛውን አፈር ያፀዳዋል (ልጆች አጠገብ እንዳይኖሩ)። በሃይላንድና በጀሪካን የምትዘሩ ታች ቀዳዳ ይኑረው፣ አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት። ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ።

*ተተክሎ ቆሟል ግን አያድግም፣ ቢጫ ሆኗል*

የታች አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ከሆኑ ምግብ አንሶታል፣ የበሰለ ኮምፖስት ዙሪያውን ጨምሩና ኮትኩቱ። ዩሪያ በእፍኝ ግንዱ ስር መድፋት ያቃጥለዋል። ሁሉም ቅጠል ከገረጣና መሬቱ ከዝናብ በኋላ እግር የሚይዝ ከሆነ ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ታፍኗል። 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፣ ሲሰርግ ድጋሚ ሙሉና እዩት፣ በሰዓት ሁለት ሶስት ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ እዛ ቦታ ላይ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ሳትሰሩ አትድከሙ። የቦርከና ሜዳ ዋልካ ያላችሁ ይሄ እናንተን ነው።

*ቅጠሉ ተጨማዶ ያጣብቃል*

ክሽክሽ ነው፣ ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ነፍሳት፣ ቅጠሉን ገልብጡት። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማታ ማታ ከስር በኩል፣ በየአራት አምስት ቀኑ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ይጠብሳል። የትኋንና የበረሮ መርዝ ሰላጣ ላይ የምትረጩ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ያንን ነው ለልጆቻችሁ የምታበሉት፣ ተዉ! ለአትክልት የተሰራም ቢሆን እሽጉ ላይ ከመልቀም በፊት ስንት ቀን ይቆይ እንደሚል ሳታነቡ አትልቀሙ። ጎመን ላይ ስትነኳት በክር የምትንጠለጠል ትንሽ አረንጓዴ ትል ካያችሁ ጠዋት ጠዋት በእጅ ልቀሙ፣ ለአንድ ቤት ጓሮ ይበቃል።

*ቲማቲምና ድንች ከዝናብ በኋላ ጠቆረ*

ምች መታው የምንለው ነው። ብርድ፣ ጉምና እርጥበት ሲገጥሙለት ይነሳል፣ ደሴ ላይ ሶስቱም አሉ። ቲማቲሙን በእንጨት አቁሙት፣ አፈር የሚነካውን ቅጠል ቁረጡ፣ ውሃ ስሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ፣ ከድንች አጠገብ አትትከሉት በሽታቸው አንድ ነው። ግንዱ ከጠቆረ ነቅላችሁ አርቃችሁ ቅበሩት፣ መለመን አያድነውም።

*አልፎ አልፎ የሚመጡ*

የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ ጠፍጣፋ ከሆነ በሽታ አይደለም፣ አንዴ ደርቆ አንዴ ስለሚጥለቀለቅ ካልሲየም ፍሬው ጋ አልደረሰም፣ ውሃውን እኩል አድርጉ። ካሮቱ ሹካ ከሆነ ድንጋይ ወይ ትኩስ ፍግ አለ፣ ደግሞም ካሮት ተነቅሎ አይተከልም። ሰላጣው ረዝሞ ከመረረ ሙቀት ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀደም ብላችሁ ዝሩ። በረዶ ከመታው ደግሞ ወዲያው አትንቀሉት፣ የተሰባበረውን ቅጠል ቁረጡ፣ የተጠቀጠቀውን አፈር ቀስ ብላችሁ አላሉት፣ ጎመንና ቆስጣ እምብርቱ ካልተጎዳ አዲስ ቅጠል ያወጣል፣ አንገቱ የተሰበረ የቲማቲም ችግኝን ግን አንሱትና በሌላ ተኩት።